ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ያወረዱበት ሻይ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ከደጋን መጥቼ ደሴ አክስቴ ቤት ከተቀመጥኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ሥራ ለመምረጥ አልደፍርም። ፒያሳ አንድ የፓርቲ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የጽዳትና የመስተንግዶ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ሰው እንዳያየኝ ግድግዳውን ተጠግቼ ወጣሁ።

የተቀበሉኝ እትዬ ዘነቡ ናቸው። እዚያ ቤት ሻይ ሲያፈሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ፔርሙሱ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ይለቀለቃል፤ አለዚያ ሻዩ ቶሎ ይበርዳል። ቀረፋው ከውሃው ጋር፣ ቅርንፉዱ በመጨረሻ ይገባል። ስኳሩ ለብቻው ይቀርባል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ "ግማሾቹ ስኳር አለባቸው። ግማሾቹ ደግሞ የትልቅ ሰው በሽታ ስለሆነ አለብን ይላሉ" አሉኝ።

የስብሰባውን ሥርዓትም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በስብሰባ መሃል ሻይ ብሎ የሚጣራ የለም። የፈለገ እጁን ያነሣል፤ የበቃው መዳፉን ብርጭቆው አፍ ላይ ይከድናል።

"ጆሮሽን ኩሽና ትተሽ ግቢ" አሉኝ። "የሚያወሩት የእኛ አይደለም። አንቺ እጅ እጃቸውን እይ።"

ይህ ለእኔ ተስማማኝ። የሰው ፊት ማየት ይከብደኛል፤ እጅ ማየት ግን አይከብደኝም። ሳልቆይ የኮሚቴውን አባላት በእጃቸው ለየኋቸው። ሰብሳቢው አቶ እሸቱ እስክሪብቶ ሳያሽከረክሩ መናገር አይችሉም። ወይዘሮ ሰናይት፣ መምህርት ናቸው፣ ጣታቸው ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ብናኝ አለ። የጋሽ ሰይድ ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶቹ ጫፍ የላቸውም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲሠሩ ማሽን ነው የወሰደው። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው።

እንዲህ ስንሠራ ከላይ አንድ ጉዳይ መጣ። ጦር ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር እንዲዘምት ፓርቲው አቋም ሊይዝ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ድምፅ ሰጥቶ ይላክ ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው ሰላም አጣ። አዳራሽ ውስጥ የማይባለው ነገር የሚባለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ኮሪደሩ ደግሞ ከኩሽናችን በር ፊት ለፊት ነው። ኩሽና የተውኩት ጆሮዬ ሁሉንም ሰማ።

አቶ እሸቱ ጦርነት ደጃችን ድረስ ሲመጣ አይተናል፤ ስለዚህ ሳይመጣ ባለበት ማስቀረት ነው ይላሉ። ጋሽ ሰይድም የሚጀምሩት ከዚያው ነው።

"ደጃችን ሲመጣ ምን እንደሆንን ስለማውቅ ነው እኮ እምቢ የምለው" አሉ አንድ ቀን። "ያንን ይዤ ሰው ደጅ ልሂድ?"

"ልጅዎ ወታደር ስለሆነ ነው ጋሼ" አላቸው አንዱ። "የአባት አንጀት ነው የሚያናግርዎት።"

"እና አንተን ምንህ ነው የሚያናግርህ?"

ተሳሳቁ፤ ግን ሳቁ ደስ አይልም ነበር። ሰውየው ሲሄድ ወይዘሮ ሰናይት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጋሽ ሰይድ፣ መጀመሪያ እርስዎ እጅዎን ያንሡ እንጂ እኔም አነሣለሁ። ሌሎችም አሉ" አሏቸው። ጋሽ ሰይድ፣ "ኢንሻ አላህ" አሉ። ይህን ስሰማ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።

ስብሰባው የተደረገው ደሴ ጉም በለበሰችበት ቀን ነው። እንዲያ ባለ ቀን ሻይ አይበቃቸውም፤ አንዱ እጅ ሲወርድ ሌላው ይነሣል። ፔርሙሱ አለቀብኝና ልሞላ ወጣሁ። ተመልሼ በሩን በክርኔ ስከፍት አንድ እጅ ብቻ ተነሥቶ አየሁ። ሁለት ጣቶቹ ጫፍ የላቸውም። ብርጭቋቸውም ባዶ ነው።

እንደለመድኩት ቀዳሁና ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ስለነበረ ብርጭቆውን በእጄ ዘረጋሁላቸው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌሎቹም ሳቁ። ቀና ስል ሁሉም እኔን ያያሉ። ለካ እኔ ኩሽና ሳለሁ የሚደግፉት እጅ አንሥተው አውርደዋል፤ አሁን የሚቃወም ካለ እጁን ያንሣ ተብሎ ነው። ብርጭቆው አጋደለና ትኩሱ ሻይ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። መልሼ ብወስደው የባሰ ነው። ብቆምም እየተቃጠልኩ ነው።

ጋሽ ሰይድ ጣቴን አዩ። እኛ ዘንድ ሰው በእጁ የሰጠውን በግራ እጅ መቀበል ነውር ነው። ቀኝ እጃቸው ደግሞ ድምፅ እየሰጠ ነው። ትንሽ ዘገዩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አወረዱና ብርጭቆውን ተቀበሉኝ።

"አመሰግናለሁ ልጄ" አሉ።

አቶ እሸቱ ጊዜ አላጠፉም። ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞረው፣ "ተቃውሞ የለም። በሙሉ ድምፅ ብለህ ያዝ" አሉት።

"እኔ እኮ ሻይ አልጠየቅኩም" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"ይጠጡት እንጂ ጋሼ፣ ይቀዘቅዝብዎታል።"

እንደገና ተሳቀ። ወይዘሮ ሰናይትን አየኋቸው። እጃቸው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ትከሻቸው ድረስ ደርሶ ነበር። ሻርፓቸውን አስተካከሉበትና መለሱት። ሌላ እጅ አልተነሣም። እኔ ትሪውን ደረቴ ላይ ይዤ ወጣሁ።

እትዬ ዘነቡ ስለ ጣቴ ብቻ ነው የጠየቁኝ። የሆነውን ስነግራቸው፣ "ምን አጠፋሽ? ሥራሽን ነው የሠራሽ" አሉኝ። የባሰ አፈርኩ። ስሕተት ቢሆን ይታረማል፤ ሥራዬን ሠርቼ ከሆነ ግን ምኑን አርማለሁ?

ስብሰባው ሲበተን ጋሽ ሰይድን ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸው። ይቅርታ ልላቸው ነበር፤ እሳቸው ቀደሙኝ።

"አብሽሪ" አሉኝ። "አንቺ ሻይ ነው ያመጣሽው። እጄን ያወረድኩት እኔ ነኝ።"

"ስለ እኔ ብለው ነው" አልኳቸው።

"ስላንቺ ብዬ ያወረድኩትን መልሼ ማንሣት እችል ነበር። ሲስቁ አፈርኩ።"

እሳቸውም እኔን አላዩኝም፤ እኔም እሳቸውን ማየት አልቻልኩም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኮምቦልቻ ትልቅ ጉባኤ ሆነና ለመስተንግዶ እኔም ተወሰድኩ። በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጋሽ ሰይድ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። እዚያ እንደገና ድምፅ ይሰጣል፤ እጃቸውን ያነሣሉ ብዬ በልቤ ጓጓሁ። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ ሻይ የሚፈልግ የለም፤ የምናድለው ውሃ ነው። ውሃውን ቀድሜ አድዬ ጨረስኩ። ማንም ሊጠራኝ እንዳይችል ባዶ እጄን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ድምፅ የሚሰጠው ግን ሰው በሰው አልነበረም። በቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ነው። የደሴው ሲጠራ አቶ እሸቱ ብድግ ብለው፣ "በሙሉ ድምፅ ደግፈናል" አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ ሰይድ ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው። አላጨበጨቡም።

እሳቸው ከዚያ በኋላ ቢሮ መምጣት አቆሙ። አንዳንድ ጊዜ ፒያሳ አገኛቸዋለሁ፤ "ደህና ነሽ ልጄ?" ይሉኛል። ደህና ነኝ እላለሁ። ልጃቸው ከሚዘምቱት ጋር ይሂድ አይሂድ እስካሁን መጠየቅ አልቻልኩም። መልሱን እፈራለሁ።

እኔ አሁንም እዚያው ነው የምሠራው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ስብሰባ መሃል ተናግሬአለሁ። ድምፅ እየተሰጠ አቶ እሸቱ በጣታቸው ጠሩኝ። ትሪውን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ፣ "ድምፅ መስጠቱ ይለቅ ጋሼ፤ ከዚያ እቀዳለሁ" አልኳቸው። ኋላ ቢሮ ጠርተው ተቆጡኝ፤ ወይዘሮ ሰናይትም በማግሥቱ ሰላም ሲሉኝ መሬት መሬቱን ነው ያዩት።

በዚህ ሥራ ላሉ እንዲህ እላለሁ፦ ድምፅ ሲሰጥ ትሪ ይቀመጣል። ጆሮ ኩሽና አይቀርም።