የዌንደል ዓይንና የጃንዋሪ ጥገና

ኦሃዮ ውስጥ ባለው ወርክሾፓችን የጤና መድን አሠራር በቅጡ የሚገባው ሰው ዌንደል ፕራት ብቻ ነበር። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ድርጅቱ የመድን ምርጫ ሲከፍት የምሳ ሰዓቱ ካርታ ጨዋታ ይቀርና ሁላችንም እሱን እንከባለን። መድን ሰጪዎቹ የሚጽፉት ቋንቋ ስለማይገባን በራሱ ቃል ነበር የሚያስረዳን።

«ደፍና ጣራ ብላችሁ ያዙት» ይላል ሳንዱቹን እያኘከ። «ደፉን እስክትሻገሩ የሕክምናው ወጪ ከኪሳችሁ ነው። ካለፋችሁ በኋላ አብዛኛውን እነሱ ይከፍላሉ፣ እናንተ ድርሻ ታዋጣላችሁ። ከኪሳችሁ የወጣው ተደማምሮ ጣራውን ከነካ፣ ከዚያ በላይ ያለው የነሱ ነው።»

«በየወሩ ከደሞዜ የሚቆርጡትስ?» አለ ፍሬዛ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ የሚሠራው ሬይ ቡካር።

«እሱ ኪራይ ነው። ደፉም ላይ አይቆጠርም፣ ጣራውም ላይ አይቆጠርም።»

«ታዲያ ቤቱ የታል?»

«ስትታመም ታየዋለህ።»

ዌንደል የቶርኖ ሰው ነው። ዕድሜውን በሙሉ በዚያ ማሽን ብረት እያዞረ ሲቀርጽ ኖሯል። በኛ ሥራ ማሽን ለአንድ ብልሽት ብቻ አይቆምም፤ አንዴ ከቆመ ቀበቶውም፣ ኩሽኔታውም፣ ዘይቱም በዚያው ይለወጣል። ቤቱንም እንደዚያው ነበር የሚመራው። ዓመቱ ሲለወጥ የመድኑ ቆጠራ ከዜሮ ስለሚጀምር፣ እሱና ሚስቱ ሎርና ሕመማቸውን ሁሉ ለጃንዋሪ ያቆዩታል። ደፉን በዓመቱ መጀመሪያ አንዴ ይሻገሩና ቀሪውን ወራት በድርሻ ብቻ ይታከማሉ። የሎርና የሐሞት ጠጠር የወጣው በጃንዋሪ ነው። የሱም ጉልበት የተሠራው በጃንዋሪ ነው። ሁለቱም ጊዜ ዘዴው ሠርቶለታል፣ ስለዚህ እኛም ተማርንበት።

የያዙት መድን ወርሃዊ ክፍያው ዝቅ፣ ደፉ ግን ከፍ ያለ ነበር። ደፉ የባልና ሚስቱ የጋራ ስለሆነ አንዳቸው የከፈሉት ለሌላውም ይቆጠራል። ሎርና በጃንዋሪ ዳሌዋን በኦፕራሲዮን ልታስቀይር ቀጠሮ ይዛለች። ያን ዓመት ደግሞ ሁለቱም ደኅና ስለነበሩ ዲሴምበር የደረሰው ደፉ ሳይነካ ነው።

በዲሴምበር አጋማሽ ዌንደል ቀኝ ዓይኑን ያሸው ጀመር። ጥግ ላይ እንደ ብየዳ ብልጭ የሚል ነገር አየሁ አለ። ቀጥሎ ጥቋቁር ነጥቦች መጡ። የብረት ብናኝ ገብቶብኝ ነው ብሎ ቧንቧ ከፍቶ አጠበው። ዓይኑን ባዞረበት ሁሉ ግን ነጥቦቹ አብረውት ዞሩ።

«ሂድና ታይ» አለው ሬይ።

«አሁን ብሄድ ምርመራውም ሌላውም በሙሉ ከኪሴ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆጠራው ይሰረዝና ለሎርና ዳሌ እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ። ደፉን ሁለት ጊዜ ልሻገር? የሷ ዳሌ ያሻግረን፣ ዓይኔ በድርሻ ይታያል።»

«ዓይን እኮ ነው፣ አንተ ሽማግሌ። ኩሽኔታ መሰለህ?»

«አያመኝም እኮ። የሚያመኝ ቢሆን እሄድ ነበር።»

እውነቱን ነው፣ አያመውም ነበር። የጎዳውም ይኸው ነው።

የፈረንጆች ገና በዋለ ማግስት ቀኝ ዓይኑ ላይ ከጆሮው በኩል ጥላ ተነሣ። ሎርና እንደነገረችን፣ ቁርስ ላይ የተቀመጠውን ሲኒ ሳያየው በክንዱ መትቶ ደፋው።

«ዌንደል፣ ደውል።»

«እደውላለሁ።»

«አሁን፣ እኔ እያየሁህ።»

ስልኩን ይዞ በረንዳ ላይ ወጣና ወደ ዓይን ክሊኒክ ደወለ፤ ሎርና በመስኮት ታየዋለች። ስልክ ያነሣችው ሴት ምን እንደሚሰማው ጠየቀችው። ስለ ብልጭታው ቢነግራት፣ ስለ ጥላው ቢነግራት፣ ዛሬውኑ ና እንደምትለው ጠርጥሯል። ስለዚህ «ትንሽ ይደበዝዘኛል» ብቻ አላት። ለጃንዋሪ መጀመሪያ ቀጠረችው፣ እሱም አመስግኖ ዘጋ። ቀጠሮ መያዙን ሲነግራት ሎርና አመነችው። ምን ብሎ እንደያዘው ያወቀችው ኋላ ነው።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ብርሃን አብርታ አየችውና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ዓይኑ ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ተቀዶ ከቦታው ተላቅቋል፤ መሃሉ፣ ሰው የሚያነብበት ክፍል፣ አብሮ ወርዷል።

«መቼ ነበር መምጣት የነበረብኝ?» አላት።

«ብልጭታው የጀመረ ቀን። ቀዳዳ ብቻ ሳለ እዚሁ ወንበር ላይ ዙሪያውን በጨረር እንበይደው ነበር። በማግስቱ ሥራ ትገባ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ኦፕራሲዮን ነው። ሽፋኑን እመልሰዋለሁ። እይታው ግን ይመለሳል ብዬ ልዋሽህ አልችልም።»

ቀዶ ሕክምናው ተሠራለት። ሽፋኑን ደግፎ እንዲይዝ ዓይኑ ውስጥ በሞሉት አየር ምክንያት ቀንም ሌትም ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ እንዲተኛ ታዘዘ። የሚያበላውና የሚያጥበው ሰው ስላስፈለገ ሎርና የዳሌዋን ቀጠሮ ሰረዘች። ሆስፒታሉ ሌላ ቀን የሚሰጣት ከጁን በኋላ መሆኑን ነገራት። እሺ አለች።

ዌንደል በማርች ወደ ሥራ ተመለሰ። በቀኝ ዓይኑ የመስኮቱን ብርሃን ይለያል፣ ሌላ የለም። አለቃችን አላገደችውም፤ የምታውቀውን ቁራጭ ሞክር አለችው። ቶርኖውን አስነሣ። ብረቱ ሲዞር መሣሪያውን ሊያስጠጋ እጀታውን ፈለገ፣ እጁ ከእጀታው አልፎ ባዶውን ያዘ። ሁለተኛ ሞከረ። ያዘው፣ ርቀቱን ግን ሳተና ምላጩ ብረቱን ነክሶ ተሰበረ።

ሬይ ፍሬዛውን አቆመ።

ዌንደል ማብሪያውን ራሱ አጠፋ። ማሽኑን እንደ ቀድሞው ጠረገ፣ ዘይት ቀባው። ከዚያ ወደ ሬይ ሳይዞር፣ «የማሸጊያ ክፍል ሰው ይፈልጋሉ ያልከኝ እውነት ነው?» አለ።

«እውነት ነው።»

«የሚቀርበኝ በየትኛው በር ነው?»

አሁን ካርቶን ላይ ፕላስተር ይለጥፋል። ጠዋት ጨለማ ላይ መንዳት ስለማይችል የምታደርሰው ሎርና ናት። ዳሌዋ ስለሚያማት ከመኪናው አትወርድም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ምሳውን ታቀብለዋለች፣ በሩ ውስጥ እስኪገባም ሞተሩን ሳታጠፋ ትጠብቃለች።