በውሰት የሄደው ስም

በሳጥኔ ውስጥ፣ በነጠላዬ እጥፋት መካከል፣ የመዳፌን ሩብ እንኳ የማታህል ፎቶ አለች። ሳጥኑን ስከፍተው በልብሱ መሀል የበተንኩት የአሪቲ ሽታ ይመጣል፤ ከሽታው ቀጥሎ እሷ። ከጀርባዋ ምንም የለም፤ ነጭ ብቻ፣ የኮሶዬ ተራራ ጉም ይመስል። ፎቶ አንሺው «እንዳትስቂ፣ ጆሮሽም ይታይ» ብሏት ነበር። የልጅ ልጄ ሳትስቅ መቆም የምትችል ልጅ አልነበረችም። ያን ዕለት ግን ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ ስትቆም ሌላ ሰው መሰለች። ማንን እንደመሰለች በዚያ ፎቶ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፎቶዎቹ አራት ነበሩ። ሁለቱ ለፓስፖርቱ ሄዱ። አንዱ ይኸው እጄ ላይ ነው። አራተኛው የት እንዳለ እነግርሻለሁ ልጄ፤ አትቸኩዪ።

እናቷ ሳንጃ ከተማ ባል አግብታ እዚያው ስለቀረች፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አፈር ትማር ነበር። እኔም «አፈርን ለማወቅ ያን ሁሉ ደብተር ምን ያደርጋል፣ እኔን አትጠይቂኝም?» እያልኩ እስቅባት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየሮጠች ገባች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እምዬ፣ ውጭ አገር ልማር ላመለክት ነው! አንድ ዓመት ብቻ። እኔ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ተማሪ በኔ ቦታ ይመጣል።»

«ሰው በሰው ይለወጣል እንዴ?» አልኳት።

«የትምህርት ልውውጥ ነው እምዬ። ሁሉም በጊዜው ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን በእጄ የያዝኩት ሰፌድ ከበደኝ።

ማመልከቻው የሚዘጋው ከወር በኋላ ነበር። ፓስፖርት ያስፈልጋል ተባለ፤ ለፓስፖርቱ የልደት ሰርተፍኬት፤ ለሰርተፍኬቱ ደግሞ የክርስትና ወረቀት። የክርስትና ወረቀቷ እኔ ዘንድ ነበር። በጨርቅ ሰፍቼ ከሳጥኔ ሥር ካስቀመጥኩት ሃያ ዓመት አልፎታል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወረቀት ለኔ የሚጠበቅ ነገር እንጂ የሚነበብ አልነበረም። ቀበሌ ስንሄድ እንደ ታቦት አክብሬ ነበር በብብቴ የያዝኩት።

ጸሐፊዋ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ወጣት ነበረች። ስፌቱን በምላጭ ተርትራ ወረቀቱን ዘረጋችው። አነበበች። ቀና ብላ የልጅ ልጄን አየቻት። እንደገና አነበበች።

«እማማ፣ ይቺ ልጅ ሞታለች እኮ።»

«ምነው ልጄ፣ እቺው ከፊትሽ ቆማ?»

«መቆሟንስ ቆማለች። ሞቶ እንዲህ ያማረበት ሰው አይቼ አላውቅም። ግን ከስሟ ጎን በቀይ ቀለም ‹ዐረፈች› ይላል።»

የልጅ ልጄ ወረቀቱን ወስዳ እሷም አነበበችው። ያኔ ነው የገባኝ። ታላቅ እህቷን የቀበርን ዕለት ቄሱ ያን ወረቀት ተቀብለውኝ፣ አንዳች ነገር ጽፈው መልሰውልኝ ነበር። ቡራኬ መስሎኝ ተሳልሜ ነበር ያስቀመጥኩት።

ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥንና ነገርኳት። ከእሷ በፊት አንዲት እህት ነበረቻት፤ ዓመት ከመንፈቋ ሲሆን የሁለት ቀን ትኩሳት ወሰዳት። ከዚያ እሷ ተወለደች። በአርባ ቀኗ ያው ትኩሳት ያዛት። በመንደራችን አንዲት ባልቴት ነበረች፤ «ሌላ ልጅ መወለዷን ሞት እንዳይሰማ» አለችን። «በፊተኛይቱ ስም ጥሯት። ልብሷን አልብሷት። ያቺ አልሞተችም በሉ።» እንዳለችው አደረግን፤ ትኩሳቱም ለቀቃት። በሰማንያ ቀኗ ራቅ ወዳለ ደብር ወስደን በራሷ ስም አስጠመቅናት። ያን ስም ግን ከኔ፣ ከእናቷና ካጠመቋት ቄስ በቀር የሰማው የለም። በሰው ፊት ሁልጊዜ በእህቷ ስም ተጠራች። ትምህርት ቤት ያስመዘገብኳትም በእህቷ የክትባት ካርድ ነው።

ከፊታችን ባጃጆች ይመላለሱ ነበር።

«ለዚህ ነዋ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ የማንሰው» አለች። ቀጥላም «አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተፈተንኩት በማን ስም ነው?»

«በእህትሽ።»

«ታዲያ ውጤቱ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው እንጂ! የሞተ ያጠናል?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። «የኔስ ስም ማነው?»

«ስትመለሺ እነግርሻለሁ።»

ያን ሁሉ ዘመን የደበቅኩትን ስም፣ ሰው በሚተራመስበት አደባባይ ላወጣው አልደፈርኩም። አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ሕፃን ሳለች ጫማዋን ስታወልቅ፣ ከጎኑ ሌላ ጥንድ የሚያስቀምጥ ቦታ ትታ ነበር የምታኖረው። ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ስም ይስተካከል ቢባል ፍርድ ቤት አለ፣ ከዚያ የትምህርት ወረቀቷ ሁሉ አለ፤ ዓመትም አይበቃው። ጸሐፊዋ አዘነችልን መሰለኝ፣ ወረቀቱን አጥፋ ወደ እጄ መለሰችው። «እኔ ይህን አላየሁትም። ሦስት ምስክር ይምጣና ይህ ስሟ ነው ብሎ ይማል። አንዷ እርስዎ ይሁኑ እማማ፤ አሳዳጊ ነዎት።»

ምስክር የሚሆኑት ሁለቱ ጎረቤቶቼ በዚያ ስም እንጂ በሌላ አያውቋትም፤ ለእነሱ መማል ቀላል ነበር። እኔ ግን በገዛ እጄ አፈር ያለበስኳትን ልጅ አለች ብዬ ልምል ነው። ካልማልኩ ይቺኛዋ ትቀራለች። የንስሐ አባቴን ልጠይቅ አስቤ መልሳቸውን ፈራሁ። መጠየቅ ያለባት የስሙ ባለቤት ናት አልኩና በነጋታው በደባርቅ መንገድ በሚኒባስ ወጣን።

ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዘጋው፤ ሾፌሩ በቀትር መብራት አበራ። አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ ወረድንና ወደ ድሮው መንደራችን ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ወጣን። እርጥብ ጥድ ይሸት ነበር። ከየቅርንጫፉ ጠብ ጠብ ከሚለው ውሃ በቀር ድምፅ አልነበረም። መቃብሯ ሰባት ድንጋይ የከበባት ቁራሽ መሬት ናት። የልጅ ልጄ ቁጢጥ ብላ አፈሩን በጣቷ አሸችው፤ ልማዷ ነው።

«ሸጋ አፈር ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እታለም» አለች። ዓመት ከመንፈቅ የኖረችውን ሕፃን እንደ ታላቅ እህት እታለም ስትላት እኔ ያዘመመ አንድ ድንጋይ አቃናሁ። «እታለም፣ ስምሽን አንድ ዓመት አውሺኝ። እመልሰዋለሁ።»

ያኔ ከጉሙ ውስጥ ሰው ተጣራ።

የሴት ድምፅ ነው፤ ሩቅ አልነበረም። ያንኑ ስም ነው የጠራው፣ እናት ልጇን ወደ ቤት ስታስገባ እንደምትጠራው፣ ጫፉን ሳብ አድርጎ።

«አቤት!» አለች የልጅ ልጄ፣ ብድግ ብላ።

አፏን በመዳፌ ያዝኩት። «የማታዪው ሰው ሲጠራሽ እስከ ሦስተኛው አቤት እንዳትዪ ብዬ አላሳደግኩሽም?»

«እኔን መስሎኝ ነው፣ እምዬ።»

ድምፁ ሁለተኛ አልተጣራም። ስንወጣ በሩ ላይ የተቀመጡትን ዘበኛ «አያ፣ አሁን የተጣራችው ማን ናት?» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። «ከእናንተ በቀር ዛሬ እዚህ የመጣ የለም» አሉ።

በማግስቱ ቀበሌ ቆሜ ማልኩ። «ይቺን ልጅ በእጄ አሳድጌያለሁ። በሕይወት አለች። በዚህ ስም ስትጠራ አቤት ትላለች» አልኩ። አንዷም ቃል ሐሰት አልነበረችም።

ማመልከቻው በጊዜው ደረሰ፣ እሺ የሚል ደብዳቤም መጣ። የሄደች ዕለት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ፣ ጀርባዋን እያየሁ፣ እውነተኛ ስሟን ቀስ ብዬ ጠራሁት። ከተጠመቀችበት ቀን ወዲህ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ዞር አላለችም። ኋላ አንድ ዘብ የቲኬቷን ስም ጮክ ብሎ ሲጠራ ነው «አቤት!» ብላ የዞረችው፤ እየሳቀች።

ከሳምንት በኋላ አራተኛውን ፎቶ ይዤ ወደ ዳገቱ ብቻዬን ወጣሁ። ከሰባቱ ድንጋዮች ባንዱ ሥር ቀበርኩት። «ስምሽ ይመለሳል፤ እስከዚያ ይቺን ያዢ» አልኳት። ጉሙ ያው ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የታናሺቱን ስም እዚያም ጠራሁት። ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ማንም አልመለሰልኝም። ደስም አለኝ፤ ከፋኝም።

ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ከፊቴ ያዘችልኝ። የልጅ ልጄ በረዶ ላይ ቆማለች፤ ከጀርባዋ ነጭ ብቻ ነው፣ እንደዚያች ፎቶ። ስለ ትምህርቷ አወራችኝ፤ አፈሩ ድንጋይ ሆኗል አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ።

«እምዬ፣ ሰው ሲጠራኝ እሰማለሁ።»

«በየትኛው ስም?»

«የማላውቀው ስም ነው። ግን እኔን እንደሆነ ገባኝ።»

«ስንት ጊዜ ተጠራሽ?»

«ሁለት። አንዴ አዘዞ፣ ልገባ ስል። አንዴ እዚህ በመጣሁ በሳምንቴ። ሁለቱንም ጊዜ ዞር ብዬ አላየሁም። አቤትም አላልኩም እምዬ፤ ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነው።»

«ደግ አደረግሽ» አልኳት።

ዓመቱ ገና አልሞላም። በሩ አጠገብ፣ ከጫማዬ ጎን፣ ሁለት ጥንድ የሚያስቀምጥ ቦታ ትቻለሁ። ከተራራው ጉም ወደ ከተማው በወረደ ጧት የታናሺቱ ስም እስከ ምላሴ ጫፍ ይመጣል፤ ያኔ አፌን በነጠላዬ ጫፍ እይዘዋለሁ።