እናቴ ያየችው ምጥ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁት ከሸርጣን ወገን የሆኑ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ የውኃ እንስሳትን ነው፤ ኮፔፖድ ይባላሉ። እንጅባራ ቤተ ሙከራችን ውስጥ የነበሩት፣ አማካሪዬ ከውጭ ያመጧቸው የባሕር ናሙናዎች ናቸው፤ የሞቱ፣ በመስታወት ላይ የተለጠፉ። እንቁላል የሚሠራው ክፍል ጀርባቸው መሃል፣ ከእሱ የሚወጡት ሁለት ቱቦዎች በግራና በቀኝ። ሁሉንም በእርሳስ ስዬ ጨርሻለሁ። በሕይወት ያለ ግን አንድም አላየሁም።

«ዘመዶቻቸው እኮ እዚሁ ዘንገና ሐይቅ ውስጥ አሉ፤ ሄደሽ ውኃ ቅጂ» አሉኝ አማካሪዬ። በባጃጅ ሄጄ አንድ ጠርሙስ ይዤ መጣሁ።

በዚያው ቀን እናቴ ከአዘና ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። እናቴ የልምድ አዋላጅ ናት፤ ጤና ጣቢያው ሳይከፈት የመንደሩን ሕፃን ሁሉ የተቀበለችው እሷ ናት። ብቻዋን ቤት እንዳትቀመጥ ቤተ ሙከራ ይዣት ገባሁ።

ማይክሮስኮፑ ሥር ባደረግሁት የሐይቁ ጠብታ ውስጥ አንዲት ሴት ኮፔፖድ አገኘሁ። ሰውነቷ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሁለቱ ቱቦዎች በጠቆሩ እንቁላሎች ተወጥረዋል። ለእናቴ ቦታ ለቀቅሁላት። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና አጎነበሰች።

«ሆዷ ገፍቷል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ኧረ እየወረደ ነው! ነይ እይ!»

እውነቷን ነው። እንቁላሎቹ አንድ በአንድ እየተጨመቁ ወጥተው ከጎንና ከጎኗ በተንጠለጠሉ ሁለት ስስ ከረጢቶች ውስጥ ይደረደሩ ነበር። እየተፈራረቅን አየን። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ወንበር ሲጎትት እናቴ እጇን አነሳች።

«ቀስ በል! ምጥ ላይ ናት።»

ማንም አልሳቀም።

«አባትየው የታለ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሄዷል። ዘሩን ግን ሰውነቷ ውስጥ አስቀምጣዋለች።»

«ማን ያዋልዳታል?»

«ማንም።»

እናቴ እንደገና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ከዚያ በአዊኛ የሆነ ነገር ማነብነብ ጀመረች፤ ልጅ ሆኜ የምታምጥ ሴት ካለችበት ቤት በር ላይ ስጠብቃት የምሰማው ቃል ነበር።

በማግሥቱ መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም። በሦስተኛው ቀን ከረጢቶቹ ተቀደዱ። የወጡት ልጆች እናታቸውን አይመስሉም፤ ክብ ናቸው፣ ስድስት እግር አላቸው፣ ግንባራቸው መሃል አንዲት ቀይ ዓይን።

«ዓይን አለው!» ብላ ጮኸች እናቴ። ቀና ስትል ጉንጯ ረጥቧል። «ስንቱን ተቀብያለሁ፤ ውስጡን ግን እጄ እንጂ ዓይኔ አያውቀውም ነበር።»

ውኃውን እንድደፋው አልፈቀደችም፤ እናትና ልጆቹን ወደ ጠርሙሱ መለስኳቸው። ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱን ጭኗ ላይ ይዛ በባጃጅ ዘንገና ሄድን። ዳር ላይ ቁጢጥ ብላ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው።

«ይሄ ሁሉ ውኃ በእነሱ የተሞላ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ተነሥታ ነጠላዋን ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደደረሰ ሰው አጣፋች። ብዙ ቆመች፤ እኔም እንሂድ አላልኳትም።