ፍሪሲዮን

ትናንት ፋርመርስ ብራንች፣ ከምሠራበት ዌርሃውስ በር ላይ፣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ዳገቷን አልወጣ ብሎ ሲያጓራ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሸተተኝ። ሌላው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ ባጄን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ በረጅሙ ሳብኩት። ምን ልበላችሁ፣ ሰው በአበባ ሽታ ልጅነቱ ትዝ ይለዋል፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ ይሄ ሆነ። ለእኔ የሙዚቃ ትምህርት የሚሸተው እንዲህ ነው።

ከአገር ወጥተን ጋርላንድ ስንገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባባ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ከ«ኦኬ» ብዙም አይርቅም። ጎረቤታችን ቤርቶ የሚባሉ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወታሉ፣ በሌላው ቀን ልጆች ሙዚቃ ያስተምራሉ፣ ሲተርፋቸው ኦፔራ ይጽፋሉ፤ ማለቴ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዘፈን የሚነገር ቴአትር። አንድ ቅዳሜ አባባ የእሳቸውን አሮጌ መኪና ሊጠግን ሥሯ ተጋድሞ፣ «ነይ እስቲ እናቴ፣ ካቻቢቴውን አቀብዪኝ፣ ፒንሳውንም!» ሲለኝ ሽማግሌው ከበረንዳቸው ተስፈንጥረው ወረዱ። የአገራቸውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያገኙ መስሏቸው ጣሊያንኛውን እንደ ጎርፍ ለቀቁበት። አባባ ጥቁር ዘይት በተቀባ ፊቱ ብቅ ብሎ አያቸውና የሚያውቀውን ሁሉ በተራ መለሰላቸው፦ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ካንዴላ። ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በእነዚያ ጥቂት የመኪና ዕቃዎች ስም አምስት ዓመት ጓደኛ ሆኑ። አባባ «ጋሽ ቤርቶ» ይላቸዋል፣ እሳቸው «መካኒኮ» ይሉታል። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ መብራት ሲጠፋ «ካንዴላ! ካንዴላ!» ብለው ተጣሩ፤ ለካ ሻማ ፈልገው ነው። አባባ በዝናቡ ሮጦ አዲስ የሞተር ካንዴላ አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ያ ካንዴላ ፒያኖው ላይ ተቀመጠ፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም።

መኪናቸውን አባባ ይጠግናል፣ እኔን ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ያስዘፍኑኛል። እንግሊዝኛቸው ከአባባ ስለማይሻል ያስተማሩኝ በጋራዥ ቋንቋ ነበር። ስቸኩል «ፍሬን!»፣ ድምፄን ወደ ላይ ማውጣት ሲኖርብኝ «ማርሽ!»፣ ፈርቼ ድምፄን ስይዝ ደግሞ «ፍሪሲዮን!» ይሉና ግራ እግራቸውን ከወለሉ ቀስ አድርገው ያነሳሉ። ልቀቂው ማለታቸው ነው።

አንድ ኦፔራ ነበራቸው፤ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ባሕር የወሰደባትን ባሏን ስትጠብቅ። ለየቴአትር ቤቱ ልከው ሁሉም አንፈልግም ብሎ መልሶላቸዋል። መጨረሻው ላይ ሴትየዋ የምትዘፍነውን ዘፈን ከራሳቸው ጭንቅላት ውጪ ሰምተውት አያውቁም ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ በሰው ድምፅ ልስማው ይሉ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ «ፒኮላ» አሉኝ፤ ትንሿ ማለት ነው። «ፒኮላ፣ አንቺ ትዘፍኚዋለሽ።»

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተማሪዎቻቸውን ዝግጅት አደረጉ። አባባ ለሠርግ የገዛውን ሱፍ ለብሶ ፊት ተቀመጠ። እኔ ግን ከኋላ ወንበር የትምህርት ቤት ጓደኞቼን አየሁ፤ አንዷ አፏን በእጇ ሸፍናለች፣ ትስቅ ይሁን ታዛጋ አላውቅም። አፈርኩ። ያንን ሁሉ ዘፈን ሰው በተኛበት ቤት ስልክ ላይ እንደሚያወራ በለሆሳስ ጨረስኩት። ጭብጨባው አልቆ ጋሽ ቤርቶ መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ትከሻዬን ያዙኝና፣ «ሞቶሬ ኦኬ፣ ፒኮላ። ማኪና... ኖ» አሉኝ፣ ሞተሩ ይሠራል መኪናው ግን አልሄደም ማለታቸው ነው፤ ግራ እግራቸውንም አነሱ። አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ!

በሚቀጥለው ጊዜ በደንብ እዘፍንልዎታለሁ አልኳቸው። በዚያው ክረምት አባባ ኤርፖርት ሥራ አገኘና ሰፈሩን ለቀን ፎርት ወርዝ ገባን። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ትልቅ ፖስታ መጣ። እሳቸው አልፈዋል፤ ዘፈኑን ለእኔ ትተውልኛል። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ እንዴት እንደሚዘፈን የሚገልጸውን የሙዚቃ ቃል ሰርዘው በእርሳስ «ፍሪሲዮን» ብለው ጽፈዋል። አባባ ወረቀቱን ከመፍቻዎቹ ጋር አስቀመጠው፤ እሱም ካለፈ በኋላ ያገኘሁት እዚያው፣ ዘይት ጠጥቶ ነው።

ሳክሲ ያለው ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ልጄ ሃና መንጃ ፈቃድ ያወጣች ሰሞን አንብባው፣ «ማሚ፣ ፍሪሲዮን ምንድነው? ሶ... የዘፈኑ ስም ነው?» አለችኝ። በግራ እግር የሚረገጥ የመኪና ዕቃ ነው ብላት፣ «በግራ እግር? ኖ ዌይ!» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ የእሷም የእኔም መኪና ማርሹን ራሱ ስለሚቀይር የለውም። ያንን ቃል እንደ እኔ የሚሰሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱም የሉም።

ትናንት ከሥራ ስወጣ መኪናዬን ሳላስነሳ መስኮቱን ዘጋሁና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ቃሉን አንዱንም አልረሳሁም። ሴትየዋ ባሏን በስሙ የምትጠራበት ከፍታ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ተሰነጠቀ፤ በአሥራ አራት ዓመቴ የነበረኝ፣ ያላወጣሁት ድምፅ አሁን የለም። ዝቅ ብዬ ሳይ ግራ እግሬ ምንም በሌለበት ወለል ላይ ቀስ እያለ ይነሳል።