ባሌ እናቱን ያስተማረ ቀን

ባሌ የአንጎል ዕጢ እንዳለበት ዓይደር ሆስፒታል ከተነገረን ወዲህ፣ አማቴ ከሓድነት ሰፈር በሚኒባስ እየተጋፉ ገንፎ ሳያመጡ የዋሉበት ቀን አልነበረም። እሳቸው «ገዓት» ይሉታል። ቅቤው ሲታይ ለአራስ እንጂ ለባዮሎጂ መምህር የተሠራ አይመስልም። መድኃኒቱ የምግብ ጣዕም ቢያጠፋበትም ከእናቱ እጅ ይጎርሳል፤ ከእኔ እጅ ግን ከአንድ ጉርሻ አያልፍም። ቅናት ቢጤ ይሰማኝ ነበር፤ ግን ይብላልኝ እንጂ ከማንም እጅ ይሁን።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ «ይህን ሁሉ እየበላህ ሰውነትህ ለምን አይከላከልልህም?» ብለው ጠየቁት። ማስተማር ካቆመ ወራት ሆኖታልና ጥያቄ ሲያገኝ ፊቱ በራ። ትራሱን ተደግፎ፣ እንደ ልማዱ «አደይ»፣ እናቴ፣ እያለ በትግርኛ ያስረዳቸው ጀመር። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ብሆንም ትግርኛው ከገባኝ ቆይቷል። ድሮ ክፍል ውስጥ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን «ወታደሮች» ይላቸው ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ «ዘበኞች» ነው የሚላቸው።

«ዕጢው ዘበኞቹን ይጠራቸዋል፣ አደይ። ሊያጠፉት የሚገባቸው እነሱ ነበሩ፤ እሱ ግን ያግባባቸዋል። ከዚያ ብዙዎቹ እሱኑ ያገለግላሉ፤ እንዲያድግ ይረዱታል።»

አማቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሳህናቸውን አጥበው ሄዱ።

በማግስቱ ባዶ እጃቸውን መጡ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ባሌ በሩ በተከፈተ ቁጥር እጃቸውን ያያል፤ እኔ የሠራሁትን ይገፋል። ጨነቀኝና ኩሽና ወስጄ ጠየቅኋቸው።

«እነዚያን ዘበኞች ሳጠነክር የከረምኩት እኔ ነኝ፣ ጓለይ፣ የኔ ልጅ» አሉና አለቀሱ። «ልጄን የሚገድለውን ስቀልብ ነበር።»

ለባሌ ነገርኩት። አስጠርቷቸው፣ ነገሩ ከምግብ ጋር እንደማይገናኝ ደጋግሞ አስረዳቸው። አላመኑትም፤ ሊያጽናናቸው ብሎ የሚለው መሰላቸው። በግማሽ ነጥብ ተማሪ የሚያስለቅስ፣ ስሕተት አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነበር። ያን ቀን ግን፣ «ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፣ አደይ» አላቸው። «የከዱትን ዘበኞች ወደ ቦታቸው የሚመልሳቸው ያንቺ ገዓት ነው።»

በዚያ ሰሞን ያየው ሐኪም አልነበረም።

በነጋታው አማቴ ትኩስ ገዓት ይዘው መጡ። ጎረሰ፤ አሁንም ጎረሰ። «ጣመህ?» ሲሉት «በጣም» አላቸው፤ ደስ ብሏቸው ውኃ ሊያመጡ ተነሡ።

ያኔ ወደ እኔ ዞረና ቀስ ብሎ፣ «እኔ ከሄድኩ በኋላም እንዳታርሚያት» አለኝ።

እሺ አልኩት። እንደሚሞት ከአፉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።