ሰዓቱ ያቆሰለው የአባቴ እጅ

አርብ ጠዋት፣ አየር ጤና

ወደ ጃጁራ የሄድኩት ስልኬ ላይ የማየው የአባቴ የልብ ምት ስላስፈራኝ ነው።

አባቴ አቶ ጴጥሮስ ዕድሜውን ሙሉ ጃጁራ ውስጥ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። አምና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሐኪሞቹ መርምረው የከፋ ነገር አላገኙበትም፤ እኔ ግን አዲስ አበባ ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ። የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ካጠራቀምኳት ገንዘብ ላይ አንስቼ መርካቶ ሄድኩና የልብ ምት የሚቆጥር ስማርት ሰዓት ገዛሁለት። በራሴ እጅ አሰርኩለትና፣ “አታውልቀው አባባ፤ ስትተኛም ስትታጠብም አታውልቀው። ውሃ አይፈራም። ጠበቅ አድርገህ እሰረው፤ ከላላ አያነብም” አልኩት። አባቴ ደግሞ የተነገረውን የሚያከብር ሰው ነው።

ሰዓቱ የቆጠረውን ይዞ ይቆይና ከአባቴ ስልክ አጠገብ ሲደርስ ያወርደዋል፤ ከዚያ እኔ ጋ ይደርሳል። ሰባት ወር ያህል ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ቁጥሩ ተለወጠ። ቀን ቀን መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ ይደርሳል። ደውዬ ልብህ እየፈጠነ ነው፣ ጤና ጣቢያ ሂድ አልኩት። ሄዶ ተለክቶ ምንም የለብህም እንዳሉት ነገረኝ። አላመንኩትም። በማግስቱም ቁጥሩ ያው ነበርና ሳይነግረኝ የደበቀኝ በሽታ አለ አልኩ። የአራት ቀን ፈቃድ ጠይቄ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አየር ጤና መናኸሪያ ተገኘሁ። የሆሳዕና ሚኒባስ ለአንድ ሰው ሰባት መቶ ብር ነው። ከመጨረሻው ወንበር አንድ ረድፍ ቀደም ብሎ ቦታ አገኘሁ።

መንገድ ላይ

ከዓለም ገና እንደወጣን ሜዳው ተከፈተ። ጥቅምት ነውና ጤፉ ቢጫ መምሰል ጀምሯል። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ተቦርቡሮ ሾፌሩ ዳር ዳሩን እየፈለገ ይነዳል። እኔ ግን ከመስኮቱ ይልቅ ስልኬን ነበር የማየው። አጠገቤ የተቀመጡት ዱራሜ ልጃቸው ጋ የሚሄዱ፣ ጭናቸው ላይ የታሰረ ፌስታል የያዙ እናት ነበሩ። ጢያን እንዳለፍን ዝም ማለት አቃታቸው።

“ከተነሳን ጀምሮ የምታዪው ምንድን ነው ልጄ?”

“የአባቴን የልብ ምት ነው።”

እንደማይገባቸው ገምቼ ላስረዳቸው ስል አቋረጡኝ። ገብቷቸዋል።

“አባትሽ ሲከፋው ግን ያሳይሻል?” አሉኝ።

አያሳይም አልኳቸው። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቡታጅራ ላይ ለቁርስ ቆምን። አንድ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ በሰባ ብር ጠጣሁ። ጓደኛሞች የሆኑ ሁለት ተሳፋሪዎች ክትፎ በቆጮ አዝዘው ሾፌሩ ጥሩንባ እስኪያሰማ ድረስ አልተነሱም። ከዚያ በኋላ ወራቤን አልፈን አገሩ እንሰት በእንሰት ሆነ። በየቤቱ ጓሮ ሰፋፊው ቅጠል ተንዠርግጎ ሳይ ልጅነቴ ትዝ አለኝ፤ ልቤ ግን አልተረጋጋም።

ሆሳዕና የደረስነው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መናኸሪያው እንደ ድሮው ነው፤ “ዱራሜ! ዱራሜ!” የሚሉ ትኬት ቆራጮች፣ ሻንጣ ለመንጠቅ የሚሽቀዳደሙ ተሸካሚዎች፣ ሻይና ብስኩት የሚሸጡ ትንንሽ ካፌዎች። ለዱራሜዋ እናት መኪናቸውን አሳይቼ ተሰናበትኳቸው። የጃጁራ መኪና እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። ሒሳቡ መቶ ሃያ ብር ነው።

አርብ ከሰዓት፣ ጃጁራ

እንደምመጣ አልነገርኩትም ነበር። በሩ ላይ ስደርስ አባቴ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሙቀቱ የሚያስጨንቅ ሆኖ ሳለ ወፍራም ኮት ለብሷል። አየኝና ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ። ላቅፈው ስጠጋ ግን ግራ እጁን ወደ ኋላው ወሰደው። በአንድ እጁ ብቻ አቀፈኝ።

ሰዓቱስ አልኩት። ውስጥ ነው አለ። ልየው አልኩት። ቻርጅ ላይ ነው አለ። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ሰዓቱ ከሩብ ሰዓት በፊት ያወረደው ምት መቶ አሥራ ስምንት ይላል። ቻርጅ ላይ ያለ ሰዓት የሰው ልብ አይቆጥርም።

የኮቱን እጅጌ ይዤ ሰበሰብኩት። አልከለከለኝም። የእጁ አንጓ ላይ የሰዓቱ ጀርባ የሚያርፍበት ቦታ ክብ ሆኖ ቀልቷል፤ ዳር ዳሩን ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ወጥተውበት ከፊሎቹ ፈንድተው ያዣሉ። ከውስጥ በኩል ማሰሪያው የሚቆለፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ቁስል አለ። ከሁሉም በላይ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ።

መቼ ጀመረህ አልኩት። ሦስተኛ ወሩ ነው አለኝ። መጀመሪያ ሲያሳክከው ቅቤ ቀባው፤ ሲብስበት ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ አደረገበት። ሰዓቱን ግን ሁለት ወር ሙሉ አላወለቀውም።

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“በየማለዳው ስትደውዪ ድምፅሽ ደስ ይላል” አለኝ። “ዛሬ ልብህ ጥሩ ነው ትዪኛለሽ፤ ትስቂያለሽ። ያንን ላበላሽብሽ አልፈለግኩም።”

ማልቀስ ጀመርኩ። አታውልቀው ያልኩት እኔ ነኝ።

የቀረውን ቀስ ብሎ ነገረኝ። የዛሬ ወር መታገስ ሲያቅተው ሰዓቱን ለጎረቤቱ ለጋሽ ሸምሱ ሰጣቸው። ጋሽ ሸምሱ ከወላጆቻቸው ጀምሮ ከጉራጌ መጥተው እዚህ የኖሩ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴን ከእሳቸው ቤት ውጪ ምሳ አያስበሉትም። ጠዋትና ማታ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ ሰዓቱም ያኔና ምሳ ላይ ከአባቴ ስልክ ጋር ይገናኛል። እኔ ቁጥሩን ሳጣ እንዳልጨነቅ ሁለቱ ተመካክረው ያደረጉት ነው። አንድ ወር ሙሉ የጋሽ ሸምሱን ልብ ሳይ ነው የከረምኩት።

ሱቃቸው ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ሲያዩኝ ሰዓቱን በሌላኛው እጃቸው ሸፈኑት፤ ከዚያ አፍረው ሳቁ። አምና ካየኋቸው በጣም ከስተዋል። ሸሚዛቸው አንገታቸው ላይ ሰፍቷቸዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ጨርቅ ስለምሸከም ነው ልቤ የሚሮጠው፣ አባትሽን አትቆጪው አሉኝ። አባቴም ይህንኑ ነበር የገመተው፤ ልብህ ፈጠነ ስለው የጓደኛው የሸክም ነገር እንጂ ሌላ አልመሰለውም።

“ጋሽ ሸምሱ፣ ሲተኙም ነው” አልኳቸው። “እንቅልፍ ላይ እያሉም ከመቶ አይወርድም።”

አባቴ ቀና ብሎ ጓደኛውን አየው፤ የከሳውን አንገት ከዚያ በፊት ልብ ያላለው ይመስል አፍጥጦ አየው።

“ይህን አልነገርሽኝም” አለኝ።

እውነት ነው፤ አልነገርኩትም። እንዳይደነግጥ ብዬ እኔም ደብቄው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጤና ጣቢያ

ጤና ጣቢያው ቅዳሜ እስከ ቀትር ይሠራል። ሦስታችንም ገባን። ተራ ሲደርሰን የተቀበለችን ሲስተር ማርታ የምትባል የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ከምባታ ናትና አማርኛዋ ረጋ ያለ የከምባትኛ ቅላጼ አለው። የአባቴን እጅ ወደ መስኮቱ ወስዳ ብዙ አየችው። በግራ እጅዎ ላይ ብቻ ነው ወይ፣ ሰዓቱን አስረው ይታጠቡ ነበር ወይ፣ እያለች ጠየቀችው። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቀች፤ የቀበቶ ዘለበት ሆዱን አሳክኮት ያውቅ እንደሆነ።

አባቴ ተገረመ። ከወጣትነቱ ጀምሮ ዘለበቱ ሆዱን እንዳይነካው ሸሚዙን ከሥሩ እያጠፈ ነው የሚታጠቀው። ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ሲስተር ማርታ ጣቷን ቁስሉ ላይ ሳታሳርፍ በላዩ እያዞረች አስረዳችን። ብረት የሚነካበት ቦታ፣ ማለትም የሰዓቱ ጀርባና ዘለበቱ፣ ውሃ ቋጥሯል፤ ጎማው ብቻ የሚነካበት ግን ቀልቶ ደረቀ እንጂ አልቆሰለም። ስለዚህ ቆዳው አንዳንድ ብረት ውስጥ ያለውን ኒኬል የሚባል ነገር የሚጠላ ይመስላታል። ጠብቆ በመታሰሩ ላብና ሳሙና ከሥሩ እየቀረ አባባሰው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ ቆዳውን አቃጠለው። ቀጭን አድርጎ በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀባው ክሬም ጻፈችለት፣ ቁስሉን እንዲያደርቀው፣ እስኪድን ከስስ ፋሻ በቀር ምንም ነገር እንዳያስርበት ነገረችው። ካልተሻለው በሳምንቱ እንዲመለስ አለችው።

አባቴ ግን አልተነሳም። እጅጌውን ጎትቶ ቁስሉን ሸፈነ።

“ይጋባል?” አለ በመጨረሻ።

እዚህ ላይ ነው የነገሩን ክብደት ያወቅኩት። እዚያው ተቀምጦ እንደነገረን፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴው መሐል ምእመኑ እየተጨባበጠ ሰላም ሲሰጣጥ አንዲት ሴት እጁን አይታ እጇን ሰብስባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቲቸር ጴጥሮስ የሚጋባ በሽታ ይዞታል የሚል ወሬ ስለዞረ፣ እሱም ልጆች ላይ እንዳያስተላልፍ ብሎ፣ በመጨረሻው ወንበር ብቻውን እየተቀመጠ ቅዳሴው ሳያልቅ ይወጣ ነበር። የኖረበት ከተማ ነው፤ ግማሹ ሰው ተማሪው ነው።

ሲስተር ማርታ ጓንቷን አወለቀች። የታመመውን እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ከቁስሉ ዝቅ ብላ መዳፉን ጨበጠችው።

“አይጋባም ቲቸር” አለችው። “የእርስዎ ቆዳና የአንድ ብረት ጠብ ነው። ለማንም አይተላለፍም።”

አባቴ እጁን ከእጇ አልሳበም። እንባው ወረደ።

ቀጥሎ ጋሽ ሸምሱ ተቀመጡ። ሲስተር ማርታ ሰዓቱን አላየችም፤ በራሷ ጣት የእጃቸውን ትርታ ቆጠረች፣ እጃቸውን ዘርግተው እንዲይዙ ስታደርግ ጣቶቻቸው ሲንቀጠቀጡ ታየ። አንገታቸውን ዳሰሰች። የአንገት ዕጢያቸው ከልክ በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላልና ሆሳዕና ሄደው ደም ይመርመሩ፣ ልባቸውም ይታይ አለች። ሰዓት ሐኪም አይደለም፣ ይሳሳታል፤ ይህ ግን በእጅም ይታያል አለችን።

የዚያኑ ዕለት ሦስታችንም ሆሳዕና ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ደም ሰጡ፣ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ የልባቸው ምት ተመዘገበ። ውጤቱ ሰኞ ነው ተባለ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ አባቴ ከወገቡ ዞሮ ጓደኛውን በሀዲይኛ ሲቆጣው ሰማሁ፤ እንዴት ይህን ያህል ስትከሳ አልነገርከኝም ይለዋል። ጋሽ ሸምሱም በዚያው በሀዲይኛ፣ አንተስ እጅህ እንዲህ እስኪሆን ማንን ጠበቅህ አሉት። የጋሽ ሸምሱ ባለቤት አተካና ሠርተው ጠበቁን። የቡላው፣ የቅቤውና የወተቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ከመጣሁ ጀምሮ ጠግቤ የበላሁት ያን ቀን ነው።

እሑድና ሰኞ

እሑድ ከአባቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አንጓው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። እንደ ወትሮው የመጨረሻው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል እጁን ይዤ ወደ መሐል አመጣሁት። ሰላም የመሰጣጠት ጊዜ ሲደርስ አባቴ ሁለቱንም እጆቹን ከኮቱ ኪስ አላወጣም። ከፊታችን የነበሩት አሮጊት ዞሩ፤ ከኪሱ ጫፍ የሚታየውን ፋሻ አዩ፤ ትንሽ አመነቱ። ሲስተር ማርታ ያለችውን ነገርኳቸው፤ አይጋባም አልኳቸው። ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቁኝም። እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። አባቴ ቆይቶ ቆይቶ እጆቹን አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ከኋላም ከጎንም እየመጡ ጨበጡት። ዓይኑን መጥረጊያ ፋታ አልሰጡትም።

ሰኞ ጠዋት ሆሳዕና ላይ ውጤቱ መጣ፤ ሲስተር ማርታ እንደገመተችው ነው። ሐኪሙ ለጋሽ ሸምሱ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዙላቸው። በጊዜ መምጣታቸው ጥሩ መሆኑን፣ ተከታትለው ከዋጡ ልባቸው እንደሚረጋጋ ነገሯቸው። ሰዓቱን እሳቸው ጋ ተውኩት፤ ከገዛ ስልካቸው ጋር አገናኘሁላቸው። የእኔን አፕ ከስልኬ አጠፋሁ። ሳጠፋው እጄ አመንትቷል፤ አልዋሽም።

ሰኞ ማታ፣ አዲስ አበባ

ቤቴ የገባሁት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ አባቴን በቁጥር ሳነበው ከርሜ፣ አመመህ ወይ ብዬ ግን የጠየቅኩት ቀን አልነበረም። ልብህ ጥሩ ነው እያልኩ እኔው እነግረው ነበር። የሚናገርበት ክፍተት አልተውኩለትም። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ የእጁን ቁስል ሳይ ገባኝ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩለት። መድረሴን ነገርኩት። ከዚያ፣ “ዛሬ ምንህን አመመህ?” አልኩት።

“እኔን ነው?” ብሎ ሳቀ።

“ጉልበቴን” አለኝ። “ቀኙን። ደረጃ ስወጣ።”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዓይኑ፣ ማታ ማታ ስለሚያስቸግረው ሳል ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ አወራኝ፤ እኔም ሳላቋርጥ ሰማሁት።