ማሩ በእጁ ያወጣቸው ስሞች

የቁሐር ሚካኤሉ ማሩ ገና ሕፃን ሳለ ንዳድ ያዘውና ከሞት ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተረፈም። እናቱ ወለተ ሐና ከጠበል ጠበል ይዘውት ዞሩ። ልጁ ጠነከረ፣ እንደ ፎገራ ወይፈን አደገ፤ መስማት ግን አልሰማም። በመጨረሻ «እሱ ወደ እኛ ካልመጣ እኛ ወደ እሱ እንሂድ» አሉና በእጃቸው ያወሩት ጀመር። ላም ሁለት ቀንድ ሆነች፤ ዝናብ የሚረግፉ ጣቶች ሆነ። እናትና ልጅ ደጃፍ ተቀምጠው ሲጫወቱ መንገደኛ ካያቸው፣ ወይ ዝንብ ያባርራሉ ወይ ተጣልተዋል ብሎ ያልፍ ነበር።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሊድሩት አሰቡ። ሽማግሌዎቹ አንበሳሜ ሄደው ለእናኑ አባት «ልጁ ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ጭምት ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም» አሉ። አንዱም ውሸት አልነበረም።

እናኑ ነገሩ የገባት ከሠርጉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዓይነ አፋር መሰላት፤ ቀጥሎ የተቀየማት መሰላት። ሲገባት አለቀሰች፤ ልቅሶው ሲያልፍላት ደግሞ መጮህ ጀመረች። «ማሩ! ምሳ!» ስትል የጎረቤቱ ውሻ ሁሉ ይነሣል፤ ማሩ ገመዱን መግመዱን ይቀጥላል።

«ልጄ፣» አሏት አማቷ አንድ ቀን፣ «እሱ እንደሁ አይሰማም፤ እኔን ግን ልታደነቁሪኝ ነው። ፊት ለፊቱ ቁሚ። ሳያይሽ አትጀምሪ። ከኋላው ከሆንሽ መሬቱን በእግርሽ ምቺው፤ በእግሩ ይሰማሻል።»

እናኑ ተማረች፤ ቶሎ ቀናት ማለት ግን አይደለም። አንድ ቀን ፍየሏ ሽምብራው ውስጥ ገባችና እናኑ ማሩ ፊት ቆማ አገጯን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጋ «ሂድና አምጣ» አለችው። ማሩ ግራ እየገባው ሄደ። ይዞ የተመለሰው መምሬ ገብረማርያምን ነበር። መምሬ የታመመ ሰው ያለ መስሏቸው እያለከለኩ ደረሱና ደጃፍ የቆሙትን ወለተ ሐናን ሲያዩ መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይማርሽ» እያሉ ጸሎት ጀመሩ።

«እኔ ደግሞ ምን ሆንሁ?» አሉ ወለተ ሐና ደንግጠው።

ነገሩ ሲጣራ፣ ጢም ብቻውን ቄስ ነው፤ ፍየል ለማለት በጢሙ ላይ ቀንድ መጨመር ነበረበት። እናኑ ቀንዱን ረስታዋለች። ማሩ ሲገባው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሳቁ ጎርናናና ልክ የሌለው ነበር፤ እናኑም አልቻለችም፣ አብራው ወደቀች። ከተጋቡ ወዲህ አብረው ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ፍየሏ በዚያ መሐል ሽምብራውን አጋመሰችው።

እጇ እየተፍታታ ሲሄድ እናኑ አንድ ጉድ አገኘች፤ ማሩ ለአገሩ ሰው ሁሉ ስም አውጥቷል። አንዷ ጎረቤት ነጠላዋን እየደጋገመች የምታስተካክል ናት፤ ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚስቅ ነው። ሰው ሁሉ ማሩ ፊት ሲሆን ምሰሶ ፊት እንዳለ ያሻውን ያደርግ ኖሯል፤ ማሩ ደግሞ ሁሉንም ሲያይ ኖሯል።

ወሬው ጭቃ ሹሙ ገሰሰ ጆሮ ደረሰ። ገሰሰ የሰንበቴ ዕለት በሰው መሐል እናኑን ጠራና «የኔስ ስም ምንድን ነው? ጠይቂልኝ» አላት።

ማሩ ሲጠየቅ አላመነታም። አንገቱን አሰገገ፤ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ አየሩን አሸተተ። ገሰሰ ከየትኛው ቤት ምን ወጥ እንደ ደረሰ የማያውቅበት ቀን አልነበረም፤ ሁልጊዜም «ለሌላ ጉዳይ» መጥቶ ነው የሚገኘው። እናኑ ግን አለዝባ ተረጎመችው።

«ከሩቅ የሚመጣውን... ቀድመው የሚያውቁ ማለቱ ነው፣ ጌታዬ» አለች።

«አስተዋይ ብሎኛላ!» አለ ገሰሰ ደረቱን ነፍቶ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ማሩን ባገኘው ቁጥር ሰላምታው ያችው ሆነች። ወረታ ገበያ በከብት ነጋዴ መሐል ሳይቀር አንገቱን አሰግጎ ያሸት ነበር። «የኔ ስም ናት» እያለም ለማያውቀው ሰው ያስረዳል። የአገሩ ሰው ጋቢውን ነክሶ ይታገሣል።

አንድ ቀን እነማሩ ቤት የዓሣ ወጥ ከምድጃ ሲወርድ ገሰሰ በር ላይ ብቅ አለ። እንደ ልማዱም ማሩን አይቶ አንገቱን አሰገገና አሸተተ። ወለተ ሐና የያዙት ጭልፋ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይ አያ ገሰሰ! ዛሬስ በራስዎ አፍንጫ መሰከሩ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ የስሙን ምንጭ ነገሩት።

እናኑ ወደ ጓዳ ልትሸሽ ስትል ገሰሰ ማሩን ትክ ብሎ አየው፣ ወጡን አየው፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ውሸት ቢሆን ኖሮ ይከፋኝ ነበር» አለና እጁን ለመታጠብ ዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ገሰሰ ማሩን እንደ ምሰሶ ማለፍ ተወ። ስለ ግጦሽ ሸንጎ በተቀመጡ ቁጥር «ማሩም ይጠየቅ እንጂ!» ይልና እናኑ ፊት ለፊቱ እንድትቀመጥ ያደርግ ነበር። ማሩ ብዙ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይስማማም፤ ሙግቱ ሲረዝም እናኑ ክንዷን ያማታል።

ልጃቸው ጥሩብርሃን ጆሮዋ ደኅና ነበር። ነገር ግን አፏን ሳትፈታ እጇን ፈታች። አንድ እሑድ መምሬ ገብረማርያም በዐውደ ምሕረት ሲሰብኩ፣ ሕፃኗ በእናቷ እቅፍ ሆና በወንዶች በኩል ለቆመው አባቷ እጇን ታወናጭፋለች። ማሩ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይውጣል። መምሬ ስብከታቸውን አቋረጡ።

«ምንድን ነው የምትለው ይህች ልጅ?»

እናኑ መሬቱ ቢውጣት በወደደች። «መቼ ነው የሚያልቀው... እያለች ነው፣ አባቴ።»

መምሬ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ፣ ከዚያ «ደርሷል በያት» አሉና ወደ ቡራኬው ገቡ።